ወትሮ፦ ብርድን በምን እንለካው?

«ከመደበኛ በታች የሆነ የቅዝቃዜ ሁኔታ» የሚል ሐረግ በየበጋው እየተዛመተ ነው። እስቲ አንባቢ ይፍረድ፤ ብርዱ በረታ ማለት ነው ወይስ ለዘበ? ቅዝቃዜው ከመደበኛ በታች ከሆነ ቀንሷልና ጋቢው ወደ ሣጥን ይመለስ። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ግን የሙቀቱ መጠን ወረደ ከሆነ በጋቢው ላይ ቡልኮ ይደረብ። ሐረጉ ሁለቱንም ይላል። «ሁኔታ» የምትለዋ ጭራ ደግሞ ምን ልትሠራ እንደተቀጠለች የሚያውቅ የለም።

ላስታ ላይ እንዲህ ያለ ግርታ አይታወቅም። ብርድ ሌላ ነው፣ ቁር ሌላ ነው። አመዳይ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣው ነው፤ ቆፈን ጣትን የሚያደነዝዘው። ውርጭማ የብርድ ስም ብቻ አይደለም፣ የአገርም ስም ነው፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ገብሱ አልወጣም ብሎ ለጓሳና ለጅብራ የሚለቅበት ከፍታ ማለት ነው። በይኩኖ አምላክ ዘመን እንደተፈለፈለች በሚነገርላት ቤተ ክርስቲያን ስም የምትጠራው ገነተ ማርያም አካባቢ «ባቄላዬን ውርጭ መታብኝ» የሚል ገበሬ ያጋጥማል። ይኸው ሰው አንድ ቀን ተነሥቶ «ከመደበኛ በታች የሆነ የሙቀት ሁኔታ ተከሰተብኝ» ቢል ጎረቤቶቹ ጠበል ይወስዱታል።

ቃሉ ያስቸገረን ክርክር ስለሚያበላሽም ጭምር ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣ ምእመን ሌሊቱን ደጅ ያድራል፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ ደመና ያልከደነው መሬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። (ምድር በዓመት ውስጥ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በዚያው ሳምንት ግድም መሆኑን ስንቱ ያውቃል?) ታዲያ በጋቢ ተጠቅልሎ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ሰው «ዓለም ሞቀች የሚሉን የታለ ሙቀቱ?» ቢል አይፈረድበትም። አጠገቡ ያለው ወጣት «የአየር ለውጥ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ይህ ደግሞ ይብሳል። የአየር ለውጥ ማለት በእኛ አማርኛ ሐኪም ለታመመ ሰው የሚያዝለት፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ ላንጋኖ ሄዶ የሚያገኘው ነገር ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ» ሲባል ግን ይገባል፤ «ንብረት» ሀብት ከመሆኑ በፊት ከ«ነበረ» የወጣ የአኗኗር ስም ነበርና አየሩ በአንድ አገር ተቀምጦ የሚኖርበትን ጠባይ ይነግረናል። ያቺን አንዲት ቃል ቆርጦ ማስቀረት ምን ይባላል?

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2007 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ የበረዶ ድቡልቡል ይዘው የሴኔቱ አዳራሽ ገቡ። ያለፈው የፈረንጅ ዓመት 2014 በመዝገብ እጅግ ሞቃቱ ነው መባሉን ለማስተባበል ነበር፤ ደጁ እንዲህ እየቀዘቀዘ ምን ዓይነት ሙቀት ነው ለማለት። የእነሱን «ዊንተር» ደግሞ እኛ ያለ ይሉኝታ «ክረምት» እያልን እንተረጉማለን። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ የላስታ ቁር የሚገባው በበጋ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ይህን ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ሴናተሩም ምእመኑም የዘለሉት ጥያቄ አንድ ነው፤ ብርዱ ከምን ይበልጣል? የሜቲዎሮሎጂ ሰዎች ለዚህ «ክላይማቶሎጂካል ኖርማል» የሚሉት መለኪያ አላቸው። የአንድን ቦታ የ30 ዓመት ልኬት ሰብስበው አማካዩን ያወጡና እያንዳንዱን ቀን፣ ወርና ዓመት ከእሱ ጋር ያስተያያሉ። ልማዱ የጸናው በ1935 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ሲሆን የመጀመሪያው መለኪያ ከ1901 እስከ 1930 ያለው ዘመን ነበር። ጽንሰ ሐሳቡ ይህን ያህል ነው፤ ቀሪው የቃል ጣጣ ነው።

የእኛ ትንበያ «ኖርማል»ን «መደበኛ» ብሎታል። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የሚለው ለበልግና ለክረምት ዝናብ ሲነገር ኖሯል፤ ለዝናብ ደግሞ ብዙም አያደናግርም፣ በላይ ማለት ብዙ፣ በታች ማለት ጥቂት ነው። ቃሉ ግን ከ«መደብ» የመጣ ነው። መደብ የጭቃው መቀመጫ ነው፤ ከዚያ የሥራ መደብ ሆነ፣ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ የሕዝብ መደብ። መደበኛ የሚባለው በመደቡ የተቀመጠ፣ ደመወዙ የተቆረጠለት ነው፦ መደበኛ ሠራተኛ፣ መደበኛ ስብሰባ፣ መደበኛ ተማሪ። የመደበኛ ተማሪ ተቃራኒው የማታ ተማሪ መሆኑን ሳስብ «መደበኛ ሌሊት» የሚለው ይበልጥ ያስቀኛል። ዝናብና ብርድ የቅጥር ደብዳቤ የላቸውም።

«አማካይ» ይሁን የሚሉ አሉ። ለሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን አማካይ የማንኛውም ቁጥር መሐል ነው፤ የሦስት ቀንም አማካይ አለው፣ ሰላሳውን ዓመት አይነግረንም። የኳስ ወዳጆች ደግሞ መሐል ሜዳ ላይ ወስደውታል። «ኖርማል» እንዳለ ይግባ የሚለው ወገን ከተማው ውስጥ ቃሉ ምን እንደሆነ የረሳ ይመስለኛል፤ «ኖርማል ነው» ማለት ዛሬ «ችግር የለም፣ አታካብድ» ማለት ነው። ድርቅ ላይ ያለ አገር «ዝናቡ ኖርማል አይደለም» ተብሎ ሲነገረው እንዲስቅ ካልፈለግን ይቅር። «ልማድ»ም ተሞክሯል፤ ቅጽሉ ግን «ልማደኛ» ሲሆን ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል።

እኔ የምሟገትለት «ወትሮ» ነው። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ ማንም እናት «ዘንድሮ ብርዱ ከወትሮው ጠና» ስትል የምትሠራው ሥራ የሜቲዎሮሎጂው ሥራ ነው፤ የዛሬውን ብርድ ስትኖርበት ከኖረችው ዘመን ጋር ታስተያያለች። የጎደላት መዝገቡ ብቻ ነው። ሥሩም ደኅና ሥር ነው። በግዕዝ «ወትር» ሳይቋረጥ ሁልጊዜ ማለት ነው፤ «ዘወትር» የምንለው ከዚያው ነው፣ የዘወትር ጸሎትም እንዲሁ። የበገናው «አውታር»ም ዘመዱ ነው፤ የተወጠረ፣ ከጫፍ ጫፍ ያልተበጠሰ። ዝንት ዓለም ስንጠቀምበት የኖርነው «የመገናኛ አውታር» ሊቃውንት ሸንጎ ተቀምጠውበት ቢሆን እንኳ ከዚህ የተሻለ አያወጡም ነበር። እንግዲህ «የ30 ዓመት ወትሮ» እንበል፦ ከወትሮ በላይ ዝናብ፣ ከወትሮ የበረታ ብርድ። የመጨረሻውን ልብ ይሏል፤ «የበረታ» ስላልን ጋቢና ቡልኮው አይምታቱም። አማርኛ ብርድን በ«በላይ»ና «በታች» አይደረድርም፤ ብርድ ይጠናል፣ ይበረታል፣ ይለዝባል፣ ይመለሳል።

አንድ ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። «ወትሮም ድርቅ ነበር፣ ወትሮም ውርጭ ነበር» የሚለው ሰው የአየር ንብረት ለውጥን የሚክደው በዚሁ ቃል ነው። እውነት ነው። ሆኖም አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር ይሠራል፤ «ወትሮም» ክርክር ይዘጋል፣ «ከወትሮው» ክርክር ይከፍታል። የመጀመሪያው ዛሬን ከትናንት ጋር አንድ አድርጎ ያጣብቃል፣ ሁለተኛው መሐላቸው መስፈሪያ ያስገባል። «ወትሮም» የሚለውን «ከየትኛው ወትሮ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ወትሮ ሁለት ነው። የዓለም የሜቲዎሮሎጂ ድርጅት መለኪያውን በየአሥር ዓመቱ ያድሳል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ከ1961 እስከ 1990 ያለውን ግን ረዥሙን ለውጥ ለማየት ሳይነካ አስቀምጦታል። የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ስለዚህ በአዲሱ ወትሮ ብርቱ የሚባል የታኅሣሥ ሌሊት በአሮጌው ወትሮ እንግዳ ላይሆን ይችላል። ላስታ ላይ ልጁ «እንዲህ ያለ ቁር አይቼ አላውቅም» ሲል አያቱ «ይሄ ደግሞ ቁር ነው እንዴ?» ቢሉ ሁለቱም አልዋሹም። የየራሳቸውን ወትሮ ነው የሚናገሩት። እነዚህን ሁለቱን «የዘመኑ ወትሮ» እና «የጥንቱ ወትሮ» ማለት ይበቃል። «ወትሯዊ» ወይም «ወትሯዊነት» የሚል ሰው ከመጣ ግን አላውቀውም፤ ቃሉን ከእናቶች አፍ ወስደን መልሰን ለቢሮ ቋንቋ አንስጠው።

ቃሉ ከተያዘ «አኖማሊ» የሚሉትም ይቀላል። «ያልተለመደ ክስተት» እያሉ የሚተረጉሙት ሁለት ጭንቅላት ያለው ጥጃ ያስመስለዋል እንጂ ነገሩ ከወትሮ የመራቅ ልክ ብቻ ነው። «ዝንፍ አይልም» እንል የለ? «ዝንፈት» ይበቃዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው ወትሮ የነበረው ዝንፈት 1.55 ዲግሪ ያህል ነው ተብሏል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ማብራሪያ የሚረዳው አንባቢ ብዙ ይመስለኛል። ዝንፈት ወደ ታችም ይሆናልና ለውርጩም ያገለግላል።