ግንቡና ጎጆው፦ የታሪክ ቤቶችን ስለ መጠበቅና ለሕዝብ ስለ መተርጐም



ከቁሐር ሚካኤልና ከወረታ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው እንፍራዝ ሲደርስ ከኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ያገኛል። ሕንፃው በተለምዶ የሚነገረው የአፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ ነው። ይህን ከተቀበልን፣ አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ በጣና ዙሪያ የግንብ ሥራ ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የግንቡ ዘመን በተመራማሪዎች መካከል አከራካሪ ነው። እንግዲህ ለጎብኚው ምን እንበለው? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ትውፊቱንም ክርክሩንም፣ ሁለቱን ለይተን እንንገረው።

ይህን አለማድረግ የሚያስከትለውን ለመረዳት ሐረርን እንመልከት። በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ ሕንፃ ባለቅኔው በ1891 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። በስሙ ምክንያት ያልኖረበት ሰው ሲታወስ፣ ያሠራው ነጋዴ ግን ተዘንግቷል። ከእርሱም ጋር ሐረርን ከህንድ ውቅያኖስ ጋር ያገናኘው የንግድ ታሪክ ይደበዝዛል።

ጥገናም ራሱ ትርጓሜ ነው። የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ የተገነቡ ሲሆኑ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነዋል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ስለሚጠጥርና እርጥበትን ስለሚያፍን አሮጌውን ግድግዳ ይጎዳል። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ የተመለሱት የቀደሙትን ግንበኞች ዕውቀት በማክበር ጭምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ግንብ ያልሆነው ቤት ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ገበሬው ለዘመናት የኖረው በእንጨት ተማግሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ በሣር በተከደነ ጎጆ ነው። ምሰሶው፣ መደቡ፣ ምድጃውና ጎታው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ እህል አያያዝ ብዙ ይናገራሉ። ዛሬ ቆርቆሮ ሣሩን እየተካው ነው። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይገባም፤ ገበሬው ቤተ መዘክር ውስጥ እንዲኖር የመጠየቅ መብት የለንም። ሆኖም ቤቱን የማበጀት ጥበብ የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ መለካት፣ መሣልና መመዝገብ እንችላለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌለውን ቅርስም ያካትታልና ሕጉ አይከለክለንም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው፣ ለጥናት ወደ ጉዛራ ስትወጡ ከኮረብታው ሥር ያሉትንም ቤቶች እንድታንኳኩ ነው። ለግንቡ ድንጋይ ያመላለሱትና ነዋሪዎቹን የቀለቡት ሰዎች የኖሩት በእንዲህ ያሉ ጎጆዎች ነበርና፤ የእነርሱ ታሪክ ሳይነገር የግንቡ ታሪክ ሙሉ አይሆንም።