ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ አልገለበጥ ሲል ምን ይደረግ?

በስንዴ ማሳ ላይ ቢጫ ዋግ ሲታይ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የታመመውን ቅጠል በስልኩ ፎቶ ያነሣል። በሽታው በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደሩ፣ ዱቄት የመሰሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ስለሚያሳይ ጥራት ያለው ፎቶ ማሳው ድረስ መምጣት ላልቻለ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ጠቃሚ መረጃ ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያው ወረዳ ደርሶ ስልኩን ሲሰካ ኮምፒውተሩ ስልኩን ሳያየው ይቀራል። ዋግ ደግሞ በነፋስ የሚዛመት በመሆኑ ቀን አይሰጥም።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ገመዱ ነው። በገበያ ላይ ከሚገኙ ገመዶች መካከል ኃይል ብቻ የሚያስተላልፉ፣ የመረጃ ሽቦ የሌላቸው አሉ። ስለዚህ ስልኩ ቻርጅ ማድረጉ ገመዱ ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ሌላ ገመድ፣ ቢቻል ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን ይሞክሩ።

ገመዱ ደኅና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የስልኩ ቅንብር ነው። በርካታ የአንድሮይድ ስልኮች ሲሰኩ በራሳቸው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ይመርጣሉ። የስልኩን ቁልፍ ከፍተው ከስክሪኑ አናት ወደ ታች በጣትዎ ሲስቡ የዩኤስቢ ማሳወቂያ ያገኛሉ፤ እርሱን ነክተው «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ይምረጡ። ስልኩ እንደተቆለፈ ከሆነ ኮምፒውተሩ ባዶ ፎልደር ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ሰው ፎቶዬ ጠፋ ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ጊዜ ነው። በካሜራ የተነሡ ፎቶዎች «ዲሲአይኤም» በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ «ካሜራ» በሚለው ሥር ይቀመጣሉ።

አይፎን የያዘ ሰው ስልኩ ኮምፒውተሩን ያምነው እንደሆነ ሲጠይቀው «ትረስት» የሚለውን መንካት አለበት።

ገመድ ሲያስቸግር ብዙዎች ወደ ቴሌግራም ይዞራሉ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ለሰብል በሽታ ፎቶ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቴሌግራም ምስሉን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ይቀንሰዋል፣ በዚያው ልክ በቅጠሉ ላይ ያለው ጥቃቅን ምልክት ይደበዝዛል። የተነሣበት ቀንና ቦታ የተመዘገበበት መረጃም አብሮ አይሄድም። «ፋይል» በሚለው በኩል ቢላክ ግን ምስሉ ጥራቱን እንደያዘ ይደርሳል። ቦታውን በተመለከተ በስልኩ ብቻ መተማመን አይገባም፤ የቀበሌውንና የጎጡን ስም፣ የተነሣበትንም ቀን ከፎቶው ጋር ጽፎ መላክ ይሻላል።

ስልኩ ከታየ በኋላም የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። ፎቶ ሲያዛውሩ «ከት» አይበሉ፣ «ኮፒ» ያድርጉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከመስክ ያመጣውን የመኸር ፎቶ «ከት» ብሎ በማዛወር ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ከፎቶዎቹ ከፊሉ ከስልኩም ከኮምፒውተሩም አልተገኘም፤ አዝመራው ደግሞ ታጭዶ ነበርና ተመልሶ ማንሳት አልተቻለም።

ከስልኩ ላይ ከማጥፋትዎ በፊት በሁለቱም ቦታ ያለውን የፎቶ ቁጥር ያስተያዩ፤ ጥቂቶቹንም በኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው ይመልከቱ።