ትንሣኤን በኢየሩሳሌም ለማክበር የሚነሣ ተሳላሚ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ዝግ ቀናት

ትንሣኤን በኢየሩሳሌም ለማክበር ከከተማም ከገጠርም የሚነሡ ምዕመናን ለዚህ ጉዞ ለዓመታት ገንዘብ ይቈጥባሉ። ከብቱን ወይም እህሉን ሸጦ የሚሄድም አለ። ቆይታው ግን አጭር ነው። ከዚያች አጭር ቆይታ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የተዘጋ በር ሲመለከቱ ማሳለፍ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ከመቈረጡ በፊት የእስራኤልን የሰንበትና የበዓል አቈጣጠር ማወቅ ያሻል።

በእስራኤል የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ይገባል፤ ቅዳሜ ሲመሽ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ባቡር፣ የኢየሩሳሌም የከተማ ባቡርና አብዛኛው የሕዝብ አውቶቡስ አይሠራም፤ በአይሁድ ሰፈሮች ያሉ ሱቆችም ይዘጋሉ። መጓጓዣው የሚቆመው ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶች እየሳሱ ይሄዳሉ። በዚያ ሰዓት ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ ተጓዥ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደውን ባቡር አያገኝም። ታክሲ አለ፤ የሰንበት ታሪፉ ግን ከሥራ ቀኑ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአይሁድ ፋሲካ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የቂጣ በዓል የሚለው ይህ በዓል በእስራኤል ለሰባት ቀናት ይከበራል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን እንደ ሰንበት ሙሉ በሙሉ ዝግ ናቸው። በመካከል ባሉት ቀናት መጓጓዣ ይሠራል፤ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ግን ሰዓት ያሳጥራሉ ወይም ይዘጋሉ። በዓሉ በአንዳንድ ዓመታት ከእኛ ሰሙነ ሕማማት ጋር ይገጣጠማል። በ2017 ዓ.ም. የበዓሉ ሰባተኛ ቀን የዋለው በቀዳም ሥዑር ነበር።

በ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ የሚውለው ሚያዝያ 24 ቀን ነው። የአይሁድ ፋሲካ ደግሞ ረቡዕ ሚያዝያ 13 ምሽት ይገባና ሐሙስን ይውላል፤ ዓርብ ማታ ሰንበት ይከተላል። እንግዲህ ከረቡዕ ምሽት እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 16 ምሽት ድረስ ለሥራ የሚተርፈው ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ቀትር ያለው ጊዜ ብቻ ነው። የበዓሉ ሰባተኛ ቀን ከማክሰኞ ሚያዝያ 19 ምሽት እስከ ረቡዕ ምሽት ይዘልቃል። ከዚያም ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22 ሲሆን ማታውኑ ሰንበት ይገባል። እነዚህን ቀናት ላስተዋለ ሰው ገሊላንና ናዝሬትን ለመሳለም የሚመቸው ሰኞ ሚያዝያ 18፣ ይልቁንም ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሳምንት ነው።

ዝግ ቀን ማለት ግን የባከነ ቀን ማለት አይደለም። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ዴር ሱልጣን ገዳም በአሮጌው ከተማ ውስጥ ነው፤ በአቅራቢያው ላደረ ሰው መኪና አያስፈልገውም። በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ያሉ የአረብ አውቶቡሶችና ብዙ ሱቆች ቅዳሜም ይሠራሉ፤ ቤተልሔምን ለመሳለም የሚነሡትም በእነርሱ ይጠቀማሉ። በማኅበር የሚሄዱ ተሳላሚዎች የተከራዩት አውቶቡስ በሰንበትና በበዓል ቀን ይሠራ እንደሆነ ከመክፈላቸው በፊት አዘጋጁን ሊጠይቁት ይገባል። በቀዳም ሥዑር ደግሞ ለብርሃኑ ሥነ ሥርዓት ከሚመጣው ሕዝብ ብዛት የተነሣ ፖሊስ ወደ አሮጌው ከተማ የሚያስገቡትን መንገዶች ስለሚቈጣጠር ማልዶ መነሣት ይሻላል።

የትንሣኤ ዕለት እሑድ በእስራኤል ተራ የሥራ ቀን ነው። ይህ ብዙዎችን ያስደንቃል፤ የባንክ ጉዳይ ያለበት ሰው ግን ይጠቀምበታል።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በቂጣው በዓል ሰሞን በአይሁድ ሱቆች እርሾ ያለበት ዳቦ አይሸጥም። በአሮጌው ከተማ የአረብ ዳቦ ቤቶች ይገኛል። ሑዳዴን የሚጾም ተሳላሚ በሶና ዳቦ ቆሎ መያዙ የቆየ ብልሃት ነው፤ በእንዲህ ያለው ሳምንት ዋጋው ይታያል።

የሰዓትና የቀን አጻጻፍም ሰውን ያሳስታል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ የእስራኤል ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ይሆናል፤ አቈጣጠሩ ግን በስድስት ሰዓት ይለያል። በር ላይ 10 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከዚህ የሚከፋው የሌሊት በረራ ነው። በትኬቱ ላይ ሐሙስ 1 ሰዓት የሚል ከሆነ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ማታ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። ሐሙስን ውሎ ማታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ ሰው በረራው ካመለጠው ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ ትኬቱ እጅ እንደገባ ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቈጣጠር አስተርጒሞ በወረቀት ማስጻፍ፣ ወረቀቱንም ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ ያስፈልጋል።