ስልኩ እየተፈተነ መሆኑን ሲያውቅስ? የቤንችማርክ ስኮር ነገር

"አንቱቱ ስኮሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ!" የሚል የስልክ ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን አንድ ሚሊዮን ምን? ኪሎ አይደለም፣ ሜትር አይደለም። ስኮሩ ምን እንደሚነግረን ለማወቅ ስልኩ ምን ሥራ ተሰጥቶት እንደተፈተነ ማየት አለብን።

ቤንችማርክ ማለት ለሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ሥራ ሰጥቶ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደጨረሰ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ለፈተና የሚሰጠው ሥራ በሙያው ቋንቋ "ወርክሎድ" ይባላል። ለምሳሌ ጊክቤንች 6 የተባለው አፕ ስልኩን ፋይል ዚፕ ያስደርገዋል፣ ፒዲኤፍ ያስከፍተዋል፣ ፎቶ ላይ ፊልተር ያስጨምረዋል፣ በቪዲዮ ጥሪ ላይ እንደምናደርገው ከሰው ጀርባ ያለውን ያስደበዝዘዋል። ከዚያ ፍጥነቱን ኢንቴል ኮር አይ7-12700 ከሚባል የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ጋር ያነጻጽረዋል። ለዚህ ፕሮሰሰር የተሰጠው ነጥብ 2,500 ነው። ስለዚህ በአንድ ኮር ፈተና 1,250 ያመጣ ስልክ የእሱን ግማሽ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ያዙ፦ ጊክቤንች 5 መነሻው ሌላ ፕሮሰሰር ነው፣ የሚሰጠው ሥራም ይለያል። የ5ን ስኮር ከ6 ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም። አንቱቱም በየቨርዥኑ ይለያያል። ሻጭ ስኮር ሲነግራችሁ "በየትኛው ቨርዥን?" በሉት።

ነገሩ ስልክ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣው ዌትስቶን በጊዜው ሰዎች የሚጽፏቸውን ፕሮግራሞች መሠረት አድርጎ የተሠራ መለኪያ ነው። በ1984 ድራይስቶን ተከተለው። ድራይስቶን በጣም ትንሽ ስለሆነ ፈተናው ላይ ብቻ ጥሩ ነጥብ እንዲመጣ አድርጎ ማስተካከል ቀላል ሆነ። በ1988 የተመሠረተው ስፔክ የተባለው ድርጅት መፍትሔ ያለው ሰው ሠራሽ ፈተናን ትቶ እውነተኛ ፕሮግራሞችን መጠቀም ነው። ስፔክ ሲፒዩ 2017 ውስጥ የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ የቼዝ ጨዋታ፣ የአየር ትንበያ ስሌት ሳይቀር አለበት። ይሄም ሆኖ በ2024 ስፔክ ከ2,600 በላይ የተመዘገቡ ውጤቶች ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፏል። የኢንቴል ኮምፓይለር ከፈተናዎቹ አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያፋጥን ዘዴ ስለተገኘበት ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ።

ፈተናው ቀድሞ የደረሰው ተማሪ ጎበዝ ይሁን አይሁን በውጤቱ አታውቁም። ስልኮችም እንዲሁ ሆነዋል። በ2013 አናንድቴክ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4ን ሲመረምር፣ ጌም ስትጫወቱ የግራፊክሱ ፍጥነት 480 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆማል። የታወቀ የቤንችማርክ አፕ ሲከፈት ግን ከ530 ያልፋል። ስልኩ ውስጥ ያለው ኮድ ሲታይ የቤንችማርክ አፖች ስም ተዘርዝሮ ተገኘ፤ አጠገቡ ደግሞ "ቤንችማርክ ቡስተር" የሚል ቃል። ትንሽ እንኳን አልደበቁትም! ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 በስምምነት ተዘጋ። እዚያ አገር ስልኩን የገዛ ሰው ሊደርሰው የሚችለው እስከ 10 ዶላር ነበር።

በ2018 ተራው የሁዋዌ ሆነ። 3ዲማርክ የተባለውን ፈተና የሚያዘጋጀው ዩኤል ዘዴው ቀላል ነበር። ያንኑ ፈተና ስሙን ቀይሮ፣ ማንም ሳያውቀው ስልኮቹ ላይ ጫነው። ሥራው አንድ፣ ስልኩ አንድ፣ የተለየው ስሙ ብቻ ነው። ስልኮቹ ስሙን ሲያውቁት ያመጡት ነጥብ ሳያውቁት ካመጡት እስከ 47 በመቶ በለጠ። ፒ20 ፕሮን ጨምሮ አራት ስልኮች ከደረጃ ሰንጠረዡ ወጡ።

የ2022ቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ስልኩ እንዳይግል ጌሞችን የሚያዘገይ ጂኦኤስ የሚባል አገልግሎት ነበር። ወደ 10,000 የሚጠጉ አፖች ስም ያለበት ዝርዝር ወጣ፤ ጊክቤንች ግን ውስጡ የለም። አንድ ኮሪያዊ ዩቲዩበር የ3ዲማርክን መለያ ስም ጌንሺን ኢምፓክት በተባለው ጌም ስም ቀይሮ ሲያስነሳው ስኮሩ በአንዴ ወረደ። ሳምሰንግ ጌም ያልሆኑ አፖችን አላዘገየሁም ብሎ ተከራከረ፣ ሰዉ ግን አልበረደም፤ በመጨረሻ ተጠቃሚው ራሱ እንዲያጠፋው የሚፈቅድ አፕዴት ለቀቀ። ጊክቤንች ከኤስ10 እስከ ኤስ22 ያሉትን ከሰንጠረዡ አወጣቸው። በእኔ እይታ እንዳይግል ማዘግየቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። የግለት ነገር የፊዚክስ ሕግ ነው። ጥፋቱ ለገዢው አለመንገር ነው።

ታዲያ ቤንችማርክ ከንቱ ነው? በፍጹም። ትልቁን ምስጢር ያወጣውም እሱ ነው። በ2017 መጨረሻ አንድ የአይፎን 6ኤስ ባለቤት ባትሪ ሲቀይር የጊክቤንች ስኮሩ በጣም እንደጨመረ ሬዲት ላይ ጻፈ። ስልኩ ያው፣ ፕሮሰሰሩ ያው። የጊክቤንች መሥራች ጆን ፑል ሰዎች ከዓለም ዙሪያ የላኩትን ውጤት ሰብስቦ በአይኦኤስ ቨርዥን ለይቶ ሣለው። በ10.2 አብዛኛው ስልክ አንድ ቦታ ተከማችቷል። ከ10.2.1 ጀምሮ ግን ዝቅ ብለው ሌሎች ክምችቶች ታዩ። አፕል በቀናት ውስጥ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን እንደሚያዘገይ አመነ፤ ምክንያቱ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ። ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ዛሬ አይፎን ላይ የምታዩት "ባትሪ ሄልዝ" የሚለው ገጽ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ያገለገለ ስልክ ለምትገዙ ይሄ ታሪክ በቀጥታ ይጠቅማል። አዲስና አሮጌ ሞዴል ለማወዳደር ሳይሆን፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ እንደ እኩዮቹ መሆኑን ለማየት ተጠቀሙበት። ጊክቤንች ድረ ገጹ ላይ ለየሞዴሉ አማካይ ውጤት ያስቀምጣል። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ፣ ቻርጁ ከግማሽ በላይ ይሁን፣ ከቻርጀር ንቀሉት፣ ከቨሩን አውጡ፣ ሌሎች አፖችን ዝጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አስሩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ቁጥር አይታመንም። በትንሹ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ከአማካዩ በሰፊው ከወረደ ግን አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ጌም የምትወዱ ከሆነ አጭር ፈተና አይበቃችሁም። ማንኛውም ስልክ ለሁለት ደቂቃ ጎበዝ ነው። የ3ዲማርክ "ዋይልድ ላይፍ ስትረስ ቴስት" አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ 20 ጊዜ ይደጋግምና ዝቅተኛው ዙር የከፍተኛው ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያችኋል። 60 በመቶ ካለ፣ ስልኩ ሲግል ፍጥነቱ እስከ 40 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ብቻ ለምትጠቀሙ ግን የግራፊክሱ ነጥብ ብዙም አይመለከታችሁም። እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲንቀረፈፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራም ማነስ ወይም የስቶሬጅ መሙላት ነው። ፈተናው እናንተው ጋ ነው፦ በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ስድስት ሰባት አፖች ተራ በተራ ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ካቆማችሁበት ከቀጠለ ራሙ በቅቶታል፤ ከዜሮ እንደገና ከተነሳ አልበቃውም። አፖቹን በዋይፋይ ቀድማችሁ አውርዱ፤ 3ዲማርክ ዳታ ይበላል።