ክሩ ነው የሚመርጠው

ደብረ ታቦር ሲነሳ አፋችን ላይ የሚመጣው ብረት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋፋት፣ ሴባስቶፖል። የትምህርት ቤት ታሪካችን መድፉን ከጋፋት እየጎተተ መቅደላ ያወጣውና እዚያው ያበቃል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ከዚያው አገር ስለሚነሳ ሌላ ታሪክ ነው። ስለ ክር። አዎ፣ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክር!

ከደብረ ታቦር በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ አለ። ጉማራና ርብ ከዚህ ከጉናና ከአካባቢው ተራሮች ተነስተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ሰው ጉማራን ያውቀዋል። ውሃው ወደ ታች እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። በክረምት ግን ዓሣው በዚያው ውሃ ወደ ላይ እንደሚወጣ ስንቶቻችን ሰምተናል?

ወደ ዓሣው ከመሄዳችን በፊት ስለ ክር ትንሽ እንበል። ፈረንጆቹ ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት አጠማመድ አለ። መንጠቆው ላይ ላባና ፀጉር ይታሰርበትና ዝንብ ወይም ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ችግሩ ላባ ክብደት የለውም፤ ድንጋይ እንጂ ላባ ርቆ አይወረወርም። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው፣ ላባው ተከትሎት ይሄዳል። ክር መምረጥ ትልቅ ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው። ባስ የሚባለውን የሰሜን አሜሪካ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ማጥመጃው ትልቅና ነፋስ የሚገፋው ስለሆነ ክብደቱ ወደ ፊት የተሰበሰበ ከበድ ያለ ክር ይመርጣል። ዓሣው ከላይ ከሆነ የሚንሳፈፍ፣ ከታች ከሆነ የሚሰጥም። በአጭሩ፣ ክሩን ስትመርጥ የምትይዘውን ዓሣ መርጠሃል ማለት ነው።

ይህ ክር ድሮ ከምን ይሠራ ነበር? ከፈረስ ጭራ! የኛ አዝማሪ ማሲንቆ ላይ የሚወጥረውን ጭራ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች እየገመዱ ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። በኋላ ሐር መጣ፤ እሱም ካልደረቀና ቅባት ካልተቀባ ይበሰብሳል። እ.ኤ.አ. በ1938 ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ናይሎንን ለዓለም አስተዋወቀ። የማይበሰብስ፣ ቀጭን ሆኖ የማይበጠስ፣ ውሃ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ክር ተገኘ። ለሽርሽር አጥማጁ ይህ ምቾት ነው። መረብ ሆኖ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ለይቶ አስቀርቷቸዋል። በዚህ ተዘግቶ በቆየ ውሃ ውስጥ አካባቢው ነጭ ዓሣ የሚለው፣ ሳይንሱ ደግሞ ሌቢዮባርበስ የሚለው ወገን ወደ 15 ዝርያዎች ተከፋፍሏል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ጎንደር መጥቶ ከነዚህ የተወሰኑትን ለሳይንስ አስመዘገበ። የሆላንዶቹ ናግልከርከና ሲቢንግ ደግሞ በ1990ዎቹ ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ለይተው ገለጹ። የሚገርመው ስምንቱ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች መሆናቸው ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች እኮ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አዳኝ! ከመካከላቸው አንዱ መልኩ ትራውት ስለሚመስል ስሙም ከዚያ ወጥቶለታል።

ከነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐምሌ ጀምሮ ወንዙ ሲሞላ ሐይቁን ለቀው በጉማራና በርብ፣ በመገጭም ጭምር ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር ነው። እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። የጉና ዝናብ ባይኖር የጣና ነጭ ዓሣ አይኖርም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ለረጅም ዘመን ይህን ሐይቅ ያጠምድ የነበረው በደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በተለይም ወይጦዎች። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ የማይቀርቡ፣ ግን ታንኳቸውንና ዓሣቸውን የሚፈልጉ ነበሩ። (ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም። ውሃ ስለሚጠጣ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ብዙም አይጭንም። መንጠቆና ክር አንድ ዓሣ ያወጣል፣ ከዚያ ሌላ አንድ። ወይጦዎቹ የተፈጥሮ ጠበቆች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ልክ ነበረው ማለቴ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ይዞ መጣ። ጊዜው ከትልቁ ረሃብ ማግሥት ነው። ሐይቅ ሙሉ ዓሣ እያለ ሰው የሚራብበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ክፋት አልነበረም። ውጤቱም በቁጥር ታየ፤ በ1987 39 ቶን የነበረው ዓመታዊ ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ከዘጠኝ እጥፍ በላይ! የባሕር ዳር ምግብ ቤቶች፣ የአዲስ አበባ የጾም ገበታ፣ ሁሉም ደስ አለው።

ታዲያ መረቡ ለይቶ የሚይዘው በዓይኑ ስፋት ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ በጭንቅላቱ ገብቶ ይታሰራል። ትልቁ ደግሞ እናቲቱ ናት። በነሐሴና በመስከረም የጉማራ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ሐይቁን መዞር አያስፈልገውም፤ ዓሣው ራሱ ተሰልፎ ይመጣለታል፣ ከነእንቁላሉ። ያመለጠውን ደግሞ ላይኛው ወንዝ ውስጥ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይጠብቀዋል። ብርብራ ዓሣን የሚያደነዝዝ የቆየ መርዝ ነው፤ ትልቅ ትንሽ አይመርጥም።

ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ውጤቱን አስቀምጦታል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት ገደማ የነጭ ዓሦቹ ክብደት በ75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የጫጩቶቹ መጥፋት ደግሞ ከዚያም የከፋ ነበር። አጥኚዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ዓሦቹ ወደ ወንዝ ሲወጡ በሚያጠምደው መረብና በመርዙ ላይ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ቲላፒያ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ዳር ስለሆነ የወንዝ አፍ መረብ እንደዚያ አልጎዳውም። አያችሁ? ያው መረብ፣ ያው ሐይቅ፤ የተጎዳው ግን መንገድ ያለበት ዓሣ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ የፌዴራሉ የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ነገር ግን አዋጅ ወንዝ አፍ ላይ ሄዶ መረብ አይነቅልም። መረቡን የዘረጋውም ወጣት ቢሆን በአብዛኛው መሬት ያልደረሰው የገበሬ ልጅ ነው። ሦስት ወር ተቀመጥ ስትለው ምን ይብላ? በእኔ እምነት የጣና ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ይዘጋ ካልን፣ በነዚያ ወራት የአጥማጁን እንጀራ ማን እንደሚሸፍን አብረን መናገር አለብን። ግማሹን ብቻ መናገር ቀላል ነው።

የባስ አጥማጁ ሱቅ ገብቶ ክር ሲመርጥ ቢሳሳት የሚከስረው አንድ ቅዳሜ ነው። ጣና ላይ ምርጫው በ1986 ተደረገ፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ገና ያልተፈለፈሉት ናቸው። በሚቀጥለው ክረምት በወረታ በኩል የምታልፉ ከሆነ ጉማራ ድልድይ ላይ ቆም በሉ። ውሃው ድፍርስ ስለሚሆን ምንም አይታያችሁም። ግን ከታች የሚወጣ አለ።