ማዕድናዊ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፦ ለፊት ቆዳ የሚስማማውን መምረጥና በየዕለቱ በአግባቡ መጠቀም

ማዕድናዊ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዚንክ ኦክሳይድን ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን፣ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድነት የያዘና ከፀሐይ የሚመነጨው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳን እንዳይጎዳ የሚከላከል ቅባት ነው። ማዕድናቱ በደቃቁ ተፈጭተው በቅባቱ ውስጥ የተበተኑ ሲሆን፣ ሲቀቡ በቆዳው ላይኛ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ይቀመጣሉ። ጨረሩን እንደ መስታወት አንጸባርቀው ይመልሱታል የሚለው የተለመደ አገላለጽ በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጨረር የሚውጡት ሲሆን የሚያንጸባርቁት ትንሹን ክፍል ነው። ከሌሎች መከላከያዎች የሚለያቸው ቆዳን የማስቆጣት ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑና ዓይን አካባቢ ሲቀቡ እምብዛም አለማቃጠላቸው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረበው ረቂቅ ደንብ ከ16 የፀሐይ ማጣሪያ ንጥረ ነገሮች መካከል ያለ ተጨማሪ መረጃ ደኅንነታቸውንና ውጤታማነታቸውን የተቀበለው የእነዚህን የሁለቱን ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን የቀሩት ሁሉ ጎጂ ሆነው ተገኝተዋል ማለት አይደለም፤ ከእነርሱ በአብዛኞቹ ላይ የተጠየቀው ተጨማሪ ጥናት ነው።

የደጋው ፀሐይ

«አገሩ ብርድ ነው፤ ፀሐዩ አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል የተለመደ ነው። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ጨረር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨረሩ አይታይም፣ አያሞቅም፤ ጥንካሬውም ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለሆነም ሰማዩ እኩል ጥርት ባለበት ቀን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን በጋቢ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ላይ የሚያርፈው ጨረር በሰመራ ሙቀት ከሚያልበው ሰው የበለጠ ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ ወር ማብቂያ አካባቢ፣ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የዓለም ጤና ድርጅት በአልትራቫዮሌት መለኪያው 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቆዳን መከላከል እንደሚገባ ይመክራል፤ 11 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ በመጨረሻው እርከን ይመድበዋል። በመዲናዋ ጥርት ባለ የበጋ ቀን በእኩለ ቀን ይህ እርከን መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። በክረምትም ቢሆን ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። የመኪና የጎን መስታወት እንኳ ቆዳን የሚያቃጥለውን አጭሩን ጨረር ሲያስቀር፣ ቆዳን የሚያጠቁረውንና የሚያሸበሽበውን ረዥሙን ጨረር በአመዛኙ ያሳልፋል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውሉ አሽከርካሪዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

በጥቁር ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለው ቀለም የተፈጥሮ መከላከያ ነው። በዚህም ምክንያት በፀሐይ ጨረር የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሕዝቦች ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። አንዳንድ የማስታወቂያ ጽሑፎች ይህን ሳይጠቅሱ ሁሉንም ሰው በእኩል የሚያስፈራሩ በመሆናቸው መታረም አለባቸው። ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች ነው። በቆዳቸው ውስጥ ሜላኒን ስለሌለ ወይም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፀሐይ ቆዳቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይጎዳዋል፤ መከላከያ ካላገኙም በፊት፣ በጆሮ፣ በከንፈርና በአንገት ላይ የሚወጣ የቆዳ ካንሰር ገና በወጣትነታቸው ሊያጠቃቸው ይችላል። ለእነዚህ ወገኖች የፀሐይ መከላከያ ቅባት የመዋቢያ ዕቃ ሳይሆን መድኃኒት ነው።

በዚህ ረገድ ትምህርት ቤቶች ቀላል የሚመስል ነገር ግን ከባድ ኃላፊነት አለባቸው። አልቢኒዝም ያለበት ተማሪ በጠዋቱ የሰልፍ ሥነ ሥርዓትና በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥላ ያለበት ቦታ ሊሰጠው ይገባል። የደንብ ልብስ ሥርዓቱ ባርኔጣና እጀ ረዥም ልብስ የማይፈቅድ ከሆነም ለተማሪው ሲባል መላላት አለበት፤ ይህ ወጪ የማይጠይቅ፣ የርእሰ መምህሩን ፈቃድ ብቻ የሚሻ እርምጃ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ማዲያት ያለባቸው ሰዎች፣ ብጉር ወይም ቁስል ከዳነ በኋላ ጥቁር ጠባሳ የሚቀርባቸው፣ እንዲሁም ሉፐስ የተባለው ሕመም ያለባቸው ናቸው። ቆዳን ለፀሐይ ይበልጥ ተጋላጭ የሚያደርጉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ዶክሲሳይክሊን የተባለው ጸረ ተሕዋስያንና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ስለ ፀሐይ መከላከያ ግን ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለ ማዲያት ጥቂት ማከል ያስፈልጋል። ማዲያት የወጣባቸው ብዙ ሴቶች መጀመሪያ የሚገዙት ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ነው። በጎዳና ላይ ከሚሸጡት ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ በመለያቸው ላይ ያልተገለጸ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። ስቴሮይዱ ቆዳን እያሳሳ ለፀሐይ ይበልጥ ያጋልጠዋል፤ ክሬሙ ሲቆምም ጥቁረቱ ብሶ ይመለሳል። በአንጻሩ በሐኪም የታዘዘ የማዲያት ሕክምና እንኳ ፊት ከፀሐይ ካልተከለለ ውጤቱ አይዘልቅም። ገንዘቧ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሴት ብትኖር፣ ከማንጫው ክሬም ይልቅ የፀሐይ መከላከያውን ብትገዛ ይሻላታል።

መለያውን ማንበብ

የአብዛኞቹ ምርቶች መለያ በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ሸማቹ ጥቂት ምልክቶችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያው «ኤስ ፒ ኤፍ» ከሚሉት ፊደላት ጎን ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ምን ያህሉ እንደሚያልፍ ይጠቁማል፤ 15 ከሆነ ከአሥራ አምስት አንድ እጅ፣ 30 ከሆነ ከሠላሳ አንድ እጅ፣ 50 ከሆነ ከሃምሳ አንድ እጅ። ሲሰላ 30 ቁጥር 97 በመቶ፣ 50 ቁጥር 98 በመቶ ያህል ይከላከላል ማለት ነው። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት 30 በቂ ነው፤ አልቢኒዝም ወይም ማዲያት ላለበት ሰው ደግሞ 50 ይመረጣል።

ይህ ቁጥር ስለ ረዥሙ ጨረር የሚናገረው ጥቂት ነው። ለዚያ «ብሮድ ስፔክትረም» የሚለው ጽሑፍ፣ በአውሮፓ ምርቶች ላይ በክብ ውስጥ የተቀመጡት «ዩ ቪ ኤ» የሚሉ ፊደላት፣ በእስያ ምርቶች ላይ ደግሞ «ፒ ኤ» ከሚለው ቀጥሎ የሚደረደሩት የመደመር ምልክቶች ይታያሉ። ከሁለቱ ማዕድናት ረዥሙን ጨረር በተሻለ የሚከላከለው ዚንክ ኦክሳይድ ስለሆነ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድን ብቻ ከያዘ ምርት ዚንክ ያለበት ይመረጣል።

በጥቁር ቆዳ ላይ ማዕድናዊ ቅባት ያለበት ትልቁ ችግር ፊትን አመድ የነካው ማስመሰሉ ነው። ችግሩ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ቅባቱን ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀሩት ሰዎች በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀለም የገባበትን ዓይነት መምረጥ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ የተባለ ሌላ ማዕድን ሲሆን፣ በንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ 77491፣ 77492 እና 77499 በሚሉ ቁጥሮች ይታወቃል። ጥቅሙ ፊትን ከማስማማት ያልፋል፤ ማዲያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር በመሆኑና ነጩ ቅባት ይህን ብርሃን በበቂ ሁኔታ ስለማያስቀር፣ ማዲያት ላለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ከሌለበት ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ከመግዛት በፊት አገጭ አጠገብ ትንሽ ቀብቶ በቀን ብርሃን መመልከት ይበጃል።

በርጩት መልክ የሚመጡ ምርቶች ለፊት አይመከሩም። ማዕድናቱ በቆዳ ላይ ሲቀቡ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልፈው እንደማይገቡ ቢታወቅም፣ ብናኛቸው ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። የሕፃናት የሽንት ጨርቅ ሽፍታ ቅባትና ካላማይን ሎሽን ዚንክ ኦክሳይድ ስላለባቸው ብቻ የፀሐይ መከላከያ አይሆኑም፤ ለዚህ ተግባር አልተፈተሹምና። ቫዝሊንና ቅቤም ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ የፀሐይን ጨረር አይከላከሉም።

በኢትዮጵያ የመዋቢያ ምርቶች ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚከናወን ሲሆን፣ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሌለበትን፣ ማሸጊያው የተከፈተውን ወይም በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ምርት አለመግዛት ይገባል።

መጠኑ

የአጠቃቀም ስሕተት ሁሉ ማጠንጠኛ መጠን ነው። በመለያው ላይ ያለው ቁጥር በቤተ ሙከራ የሚለካው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ቅባት ተቀብቶ ነው። አብዛኛው ሰው የሚቀባው ከዚህ ግማሹን ወይም ከግማሽም በታች ሲሆን፣ እንዲህ የተቀባ 50 ቁጥር የ50 ቁጥርን ጥበቃ ከቶ አይሰጥም። በቂው መጠን በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመረ ሁለት መስመር ቅባት ነው፤ ይህም ለፊት፣ ለጆሮና ለአንገት ይበቃል። መጠኑ በአንድ ጊዜ ለማዳረስ ከበዛ በሁለት ዙር፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛውን መደረብ ይቻላል።

መጠኑን ለመፈተሽ ቀላል መንገድ አለ። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ በዚህ መጠን በቀን አንድ ጊዜ ቢቀባ ከ40 ቀን ብዙም አያልፍም። ቱቦው ስድስት ወር የሚቆይለት ሰው የሚቀባው ከሚገባው በታች ነው። ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ቅባቱን በማሳሳት የሚቆጠብ ገንዘብ የለም፣ ጥበቃው አብሮ ይሳሳልና። ቁጠባ ካስፈለገ ቅባቱ ፊትን፣ ጆሮንና አንገትን ብቻ ይሸፍን፤ የቀረውን የሰውነት ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ልብስ፣ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣና ጃንጥላ ይከላከሉት። ስስ ነጠላ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ብቻውን አይበቃም።

የቀኑ አጠቃቀም

ጠዋት ፊት ከታጠበ በኋላ ማለስለሻ ቅባት የሚቀባ ሰው እርሱን አስቀድሞ፣ የፀሐይ መከላከያውን በመጨረሻ ይቀባል። ሜካፕ የምትጠቀም ሴት ከመከላከያው በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይኖርባታል። በመከላከያው ላይ ዘይት ወይም ቅቤ መደረብ ሽፋኑን ያፈርሰዋል። ከቤት ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ካጠበው ወይም ፊቱን በፎጣ ከጠረገ ደግሞ ወዲያውኑ ደግሞ መቀባት አለበት። ቢሮ ውስጥ ከመስኮት ርቆ የሚውል ሰው የጠዋቱ ይበቃዋል፤ በምሳ ሰዓት የሚወጣ ከሆነ ግን ሊደግመው ይገባል። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። የመስቀል፣ የኢሬቻና የጥምቀት በዓላት ብዙ ሰው ረዥም ሰዓት ሜዳ ላይ የሚውልባቸው፣ ሰማዩም በአብዛኛው ጥርት የሚልባቸው በመሆናቸው ቅባቱን ይዞ መውጣት ይጠቅማል። ማታ ቅባቱ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ማዕድናዊ ቅባት በቀላሉ ስለማይለቅ ሁለት ጊዜ መታጠብ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ቅባቱ አይመከርም፤ ጥላና ልብስ ይበቃቸዋል። ሕፃናትን የማለዳ ፀሐይ ስለማሞቅ የጤና ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ከአጥንት መለስለስ ለመከላከል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ወላጆች በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሊተዉት አይገባም።

በፊት፣ በጆሮ ወይም በከንፈር ላይ ወጥቶ በአራት ሳምንት ውስጥ ያልዳነ ቁስል፣ እየደማ የሚመለስ ቅርፊት ወይም እያደገ የሚሄድ እብጠት የታየበት ሰው፣ በተለይም አልቢኒዝም ያለበት፣ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል። ጤና ጣቢያው እንደ ሁኔታው የቆዳ ሐኪም ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይልከዋል፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አቅራቢያ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ለረዥም ዓመታት የቆዳ ሕክምና ሲሰጡ የቆዩ ሆስፒታሎች ናቸው።