ገና ያልወጣው ዕቃ

የወንድሜ ልጅ ሞያሌ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው፤ አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ማሽን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ አንድ ጄኔሬተር። ባለፈው ወር ሁለቱ ማሽኖች አልሠራም ብለውት ደወለልኝ። «አክስቴ፣ ናይሮቢ ስትወርጂ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ሁለት ትይዢልኛለሽ?» እሺ ብዬ ዋጋ ማጠያየቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን መልሶ ደወለ። «ተይው በቃ፣ ስድስቱ ሊወጣ ነው እያሉ ነው። ትንሽ ብጠብቅ ይሻላል።» ማን አለ? የሚጫወቱት ልጆች። እነሱስ ከየት ሰሙ? ከዩቲዩብ። አምስቱን መግዛት ያልቻለ ሰው ስድስቱን ሊጠብቅ ተቀምጧል!

ልቆጣው ነበር፣ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ኢስሊ ውስጥ አሥራ አንድ ፕሌይስቴሽን 3 በጥሩ ዋጋ አግኝቼ የዕቁብ ገንዘቤን በሙሉ አፈሰስኩበት። ዋጋው ለምን እንዲህ ጥሩ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሶኒ በፌብሩዋሪ አራተኛውን ማሽን ይፋ አድርጎ ነበር፤ የሸጠልኝ ሰው ሰምቷል፣ እኔ አልሰማሁም። አዲስ አበባ ስደርስ ደንበኞቼ በሙሉ «አራቱ እየመጣ አይደል እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። አራቱ በኖቬምበር አሜሪካ ገበያ ገባ፤ የእኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሊገዙት ወደሚችሉት ዋጋ እስኪወርድ ግን ዓመታት ፈጀ። የእኔ ካርቶኖች አልጋ ሥር ከረሙ። ሰባቱን በገዛሁበት፣ አራቱን ከዚያም በታች ሸጥኩ። ዕቁቡን ግን እስከ መጨረሻው ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው የዚህን ንግድ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ለካ እንዲህ ያለው ነገር ትልልቆቹንም አልማረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጃፓኑ የሴጋ ታሪክ ነው። ሴጋ መጀመሪያ የሠራው ስህተት ለእኛ ለነጋዴዎች ቶሎ የሚገባ ነው። ሳተርን የተባለው ማሽኑ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1995 ይወጣል ተብሎ ነበር። ሜይ 11 ላይ ግን ሎስ አንጀለስ በተደረገ ኤግዚቢሽን የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ ቶም ካሊንስኪ መድረክ ላይ ወጥቶ ማሽኑ በ399 ዶላር ዛሬውኑ መሸጥ ጀምሯል አለ። ዕቃው የተላከው ለተመረጡ ጥቂት መደብሮች ብቻ ነበር። የቀሩት፣ ለሴፕቴምበር ሲዘጋጁ የነበሩት፣ ከደንበኛ እኩል ሰሙ። ኬቢ ቶይስ የሚባለው ትልቅ የአሻንጉሊት መደብር ተቆጥቶ ሳተርንን አልሸጥም አለ። በዚያው ቀን የሶኒው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የፕሌይስቴሽንን ዋጋ ብቻ ተናገረና ወረደ፦ 299። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ 100 ዶላሩ ልዩነት ሳይሆን ሳይነገራቸው ስለቀሩት ቸርቻሪዎች ነው። እንዲህ ያደረገህን ጅምላ ሻጭ በሚቀጥለው ዙር ታምነዋለህ?

ሴጋ ግን ተማረ። ቀጣዩን ማሽን፣ ድሪምካስትን፣ በኖቬምበር 1998 ጃፓን ውስጥ ካወጣ በኋላ ለአሜሪካ ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ አስታወቀ፦ 9/9/1999። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 4 ቀን 1991 መሆኑ ነው። እኔ ያኔ የኮሜርስ ዲፕሎማ ተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ማሽኑም ስለ ሴጋም የማውቀው አልነበረም። ዋጋው 199 ዶላር፣ ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ ሞደም አብሮት፣ ጨዋታዎቹም ጥሩ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ225 ሺህ በላይ ማሽን ተሸጠ።

ሁሉንም በትክክል አድርጎ እንዴት ወደቀ? መልሱ ከስድስት ወር በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። ማርች 2 ቀን 1999 ሶኒ ቶኪዮ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ገና ያልተሠራለትን ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን 2ን፣ አስተዋወቀ። ለሽያጭ ሊቀርብ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ግን ተስፋው ወዲያው መሸጥ ጀመረ። የአእምሮውን ክፍል «የስሜት ሞተር» ብለው ሰየሙት። ዲቪዲ ያሳያል ተባለ፤ ያኔ የዲቪዲ ማጫወቻ ራሱ ውድ ነበር። የአሮጌውን ፕሌይስቴሽን ዲስክም ያነባል። ኮምፒውተርን ከሳሎን ያስወጣል ብለው የተነበዩም ነበሩ። የፕሌይስቴሽን አባት የሚባለው ኬን ኩታራጊ ራሱ የሚያወራው ስለ መጫወቻ ሳይሆን ስለ መላው ቤት መዝናኛ ነበር።

እንግዲህ አንድ አባት መደብር ገብቶ 199 ዶላር እጁ ላይ ይዞ ድሪምካስትን ያያል። ልጁ «አባዬ፣ ትንሽ እንጠብቅ» ይለዋል። ድሪምካስትን ከመደርደሪያው ያላወረደው ምንም የሚታይ ዕቃ አልነበረም።

የዚህ ንግድ አሠራር ደግሞ መጠበቅን ገዳይ ያደርገዋል። ማሽኑ በኪሳራ ወይም ያለ ትርፍ ይሸጣል፤ ገንዘቡ የሚገኘው ከጨዋታው ነው። ስለዚህ ጨዋታ ሠሪዎቹም አብረው ይጠብቃሉ። ያኔ ፊፋን ይሠራ የነበረው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አልሠራም አለ። በዚያ ላይ የድሪምካስት ዲስክ በቀላሉ መቀዳት ቻለ። (እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ የእኛ አገር ፕሌይስቴሽን ቤቶች ቺፕ በተገጠመለት ማሽንና በተቀዳ ዲስክ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን።)

ማርች 4 ቀን 2000 ፕሌይስቴሽን 2 በ39,800 የን ጃፓን ውስጥ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ብዙም አላስደሰቱም፤ ብዙ ሰው ፊልም ሊያይበት ገዛው። ከዚያ ድንበር ለምናቋርጥ ሰዎች የሚጥም ነገር ተከተለ። የጃፓን የንግድ ሚኒስቴር የማሽኑ አቅም ለጦር መሣሪያም ሊውል ይችላል ብሎ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ጣለበት፤ ከ50,000 የን በላይ ዋጋ ያለው ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። አንዱን በሻንጣህ ይዘህ ታልፋለህ፣ ሁለት ከሆነ ወረቀት አምጣ። ጉምሩክ ላይ ለምን ሁለት ብርድ ልብስ ያዝሽ ተብላ የተጠየቀች ሴት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት አስቡት። እኔ ግን ይህ ክልከላ ለሶኒ ከማስታወቂያ በላይ ሳይጠቅመው አልቀረም እላለሁ። ከሚሳይል ጋር ስሙ የተነሳ መጫወቻ ማን አይፈልግ?

አሜሪካ በኦክቶበር 26 ሲገባ አንድ ሚሊዮን ይመጣል የተባለው፣ የውስጥ ዕቃ እጥረት ገጥሞት፣ 500 ሺህ ብቻ መጣ። 299 ዶላር የነበረው ማሽን በኢንተርኔት ጨረታ ከ1,000 በላይ ወጣ። ሴጋ ይህን እጥረት እንደ እድል ቆጠረው፤ ድሪምካስትን ወደ 149 አውርዶ ነበርና ያጣው ሰው ወደኔ ይመጣል ብሎ። አልመጣም። ያጣው ሰው መጠበቁን ቀጠለ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይኼ ነው፤ እኔም እኮ በ2013 አዲሱ ከጠፋ አሮጌዬን ይገዙኛል ብዬ አስቤ ነበር።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ሴጋ ማሽን መሥራት አቆማለሁ አለ። የተሸጠው ድሪምካስት ዘጠኝ ሚሊዮን አካባቢ ነበር። የኩባንያው ሊቀመንበር ኢሳኦ ኦካዋ ያበደረውን ገንዘብ ትቶ፣ አክሲዮኑንም ለኩባንያው ሰጥቶ፣ በማርች ወር ሞተ። ሴጋ ዛሬም በሕይወት ያለው፣ ለሌሎች ማሽኖች ጨዋታ እየሠራ ነው።

ትንቢቱስ? ኮምፒውተርን ከሳሎን አላስወጣም። ግን ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ ተመረተ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ በሳንቲም ሲያጫውት የኖረው፣ ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ያስቀረው እሱ ነው። ወደ እኛ የመጣው ግን ጃፓንና አሜሪካ ጠግበውት፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋግሮ፣ በዱባይ በኩል አገልግሎ ነው። እነሱ የጠበቁት አንድ ዓመት ተኩል ነው፣ እኛ ግን ሌላ ስንት ዓመት።

ለወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ አላወራሁለትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለቱ የቆሙት ማሽኖች በቀን ስንት ያስገቡልህ ነበር?» ነገረኝ። «አዲሱ በስንት ወር ሞያሌ ይደርሳል?» ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «አክስቴ፣ ዋጋውን ጠይቀሽ ነበር አይደል?» አለኝ።

ሁለቱን ረቡዕ በሚወጣው መኪና አስጭኛለሁ። ሻጩን ግን በዚህ ጊዜ ለምን እንደረከሰ አጥብቄ ጠየቅኩት።